ትናንት "ውሰዱ"፣ ዛሬ "ተዉ" የሚለውን ምርምር እንዴት እንመነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ በሽታ ወይም መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የሕክምና ምርምር ራሱ ምን ያህል እንደሚታመን ነው። በመሆኑም የዚህን እትም አምድ ለአራቱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹ አጥረው ቀርበዋል፤ በመልሶቹ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የልብ ሕመምም ሆነ ስትሮክ ደርሶባት አያውቅም፤ ደም ግፊት ግን ስላለባት መድኃኒት ትወስዳለች። ከዓመታት በፊት አንድ ሐኪም "ለልብዎ ይጠቅማል" ብሎ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን በየቀኑ እንድትወስድ አዘዘላት። አሁን ደግሞ ሌላ ሐኪም "ጉዳቱ ያመዝናል፣ ይተዉት" አላት። ሁለቱም "ጥናት ያሳያል" ነው የሚሉት። እናቴ በዚህ ተናዳ "እነሱም አያውቁትም" በማለት የግፊቱን ኪኒን ጭምር ልትተወው ነው። በየጊዜው የሚገለባበጥ ከሆነ ምርምር የሚባለውን ነገር ለምን እናምናለን? (ልጇ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ እናትዎ የግፊት መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን፤ የእሱ ጉዳይ ከአስፕሪኑ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሁለቱን ሐኪሞች በተመለከተ ደግሞ፣ የተጋጩ ቢመስሉም እያንዳንዳቸው በጊዜያቸው ከነበረው ማስረጃ ተነሥተው መናገራቸው አይቀርም። የአስፕሪን ታሪክ ይህን በሚገባ ስለሚያሳይ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንየው።

በ1988 የታተመው አይሲስ ሁለት የተባለ ጥናት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸዋል ተብለው የተጠረጠሩ 17,187 ሰዎችን በዕጣ ደልድሎ ለገሚሶቹ አስፕሪን፣ ለገሚሶቹ ደግሞ ፕላሴቦ የሚባለውን መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ሰጠ። በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት፣ አስፕሪን ካገኙት መካከል ከመቶ 9.4፣ ካላገኙት መካከል ከመቶ 11.8 ነበሩ። ይህ ውጤት እስከ ዛሬ አልተገለበጠም። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 22,071 አሜሪካውያን ወንድ ሐኪሞች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ታተመ። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ የልብ ሕመም ያልደረሰባቸው ሲሆኑ፣ አምስት ዓመት ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ አስፕሪን የወሰዱት በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ44 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። አኃዙ የጋዜጣ ርእስ ለመሆን የተፈጠረ ይመስላል። ወደ ሰንጠረዡ ገባ ብለን ስናየው ግን፣ በእያንዳንዱ ወገን ከነበሩት 11,000 ያህል ሰዎች መካከል የታመሙት 239 እና 139 ናቸው፤ ይህም ማለት በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ ብቻ ከሕመሙ ተርፏል ማለት ነው። በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ሰዎች ቁጥር ደግሞ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። "44 ከመቶ" እና "ከመቶ ሰው አንድ" ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ግን ምንጊዜም ትልቁ ነው።

ስሕተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለታመሙ ሰዎች የተረጋገጠው ለጤነኞች፣ ለጎልማሳ ወንዶች የታየው ለአረጋውያን ሴቶች ጭምር ይሠራል ተብሎ፣ ማንም ሳይመረምረው ልማድ ሆነ። ጥያቄው በቀጥታ እንደ እናትዎ ላሉ ሰዎች የቀረበው ዘግይቶ ነው። በአውስትራሊያና በአሜሪካ የተካሄደውና በ2018 የታተመው አስፕሪ የተባለው ጥናት፣ አብዛኞቹ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውንና የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የሌለባቸውን 19,114 ሰዎች አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታተለ። አስፕሪኑ የልብና የደም ሥር ሕመምን ያን ያህል አልቀነሰም፤ ከባድ የደም መፍሰስ ያጋጠማቸው ግን ፕላሴቦ ከወሰዱት ከመቶ 2.8 ሲሆኑ፣ አስፕሪን ከወሰዱት ከመቶ 3.8 ነበሩ። አስፕሪን በወሰዱት ዘንድ የሟቾች ቁጥርም ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ሆኖም አጥኚዎቹ ያልጠበቁት ስለነበር በጥንቃቄ ይታይ ብለው ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በአንድ ጥናት ውስጥ ሲገኝ፣ በዚህ አምድ አዘጋጅ ዘንድ የጥናቱ ክብር ከፍ ይላል።

ስለዚህ የተገለበጠው የድሮው ውጤት ሳይሆን ከውጤቱ አልፎ የተሰጠው ምክር ነው። ሁለተኛው ሐኪም የሰጡት ምክር ለእናትዎ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ የደረሰበት፣ ወይም የልቡ ደም ሥር ውስጥ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው ይህን አንብቦ አስፕሪኑን በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጥ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ሐኪምዎን በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲያገኙ "ጥናቱ የተሠራው እንደ እናቴ ባሉ ሰዎች ላይ ነው ወይ? ከመቶ ሰው ስንቱ ይጠቀማል፣ ስንቱስ ይጎዳል?" ብለው ይጠይቁ። ሐኪም በዚህ ጥያቄ ሊቀየም አይገባም።

ጥያቄ፦ የሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ከ400 በላይ እናቶችን አነጋግሬ ዳታውን ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ካስገባሁ በኋላ፣ ዋናው መላምቴ ሲግኒፊካንት (ከአጋጣሚ ያለፈ ነው የሚያሰኝ) ሳይሆን ቀረ። የክፍል ጓደኞቼ "ሌሎቹን ቫርያብሎች (እንደ ዕድሜና ገቢ ያሉትን) ሞክር፣ አንዱ መውጣቱ አይቀርም" ይሉኛል። አማካሪዬ ደግሞ ይህን ይዤ ብሄድ ጆርናል እንደማይቀበለኝ ነገሩኝ። በዚያ ላይ "በአምስት ቀን ውስጥ እናትምልዎታለን" የሚሉ ኢሜይሎች በየሳምንቱ ይመጡልኛል። ምን ባደርግ ይሻላል? (አድራሻዬ ይቆይልኝ)

መልስ፦ የጓደኞችዎ ትንቢት ትክክል ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሃያ ቫርያብሎችን ወስደው አንድ በአንድ ቢፈትሹ፣ አንዳቸውም ከውጤቱ ጋር ዝምድና ባይኖራቸው እንኳ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ ፒ ቫልዩው (ዝምድና ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ) "ሲግኒፊካንት" ከሚባልበት ከ0.05 በታች የመሆን ዕድሉ 64 ከመቶ ነው። ያንን አንዱን አንሥቶ "ከመነሻው የፈለግሁት ይህንን ነበር" ብሎ መጻፍ ዕጣው ከወጣ በኋላ ሎተሪ እንደመቁረጥ ይቆጠራል።

የዚህ ነገር ምርጥ ማሳያ፣ ከላይ የጠቀስነው አይሲስ ሁለት ራሱ ነው። አሳታሚው ጆርናል ውጤቱን በዕድሜ፣ በጾታና በመሳሰሉት እየከፋፈሉ እንዲያቀርቡ አጥኚዎቹን ሲጠይቃቸው፣ አደጋውን ለማሳየት ሕሙማኑን በኮከባቸውም ከፋፈሏቸው። በእኛ ዘንድ ኮከብ የሚቆጠረው በራስና በእናት ስም ቢሆንም የእነሱ በልደት ቀን ነው። ኮከባቸው ገውዝ ወይም ሚዛን የሆኑ ሰዎች በአስፕሪን ምንም ያልተጠቀሙ፣ እንዲያውም ትንሽ የተጎዱ መስለው ታዩ፤ የቀሩት አሥሩ ኮከቦች ግን በእጅጉ ተጠቀሙ። ከ17,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት እንዲህ ያለ ከንቱ ነገር ከወጣ፣ 400 ሰዎች ባሉበት ጥናት ውስጥ ምን ሊወጣ እንደሚችል ያስቡት።

በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እጅግ የተለመደ አንድ አሠራር አለ። የጥናቱ ርእስ አብዛኛውን ጊዜ የአንድን ችግር "ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች" የሚል ሲሆን፣ ተማሪው ዕድሜን፣ ትምህርትን፣ ገቢን፣ የቤተሰብ ብዛትንና ሌላውን ሁሉ በየተራ ይፈትሽና ፒ ቫልዩው ከ0.25 በታች የሆነውን ወደ ሁለተኛው ትንተና ያስገባል፤ እዚያ ከ0.05 በታች የሆነው "ተያያዥ ምክንያት" ተብሎ በመደምደሚያው ላይ ይሰፍራል። ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን እንዲወስን የተተወው ኮምፒዩተሩ ነው። ይህ መንገድ በመማሪያ ጽሑፎች ውስጥ ስላለ ተማሪውን መውቀስ አይገባም፤ ነገር ግን የትኛው ነገር በየትኛው ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ከቀድሞ ጥናቶችና ከሙያ ዕውቀት ተነሥቶ አስቀድሞ ወስኖ፣ ያንን በፕሮፖዛሉ ላይ አስፍሮ መነሣት የተሻለ እንደሆነ አሁን አከራካሪ አይደለም።

"ውጤት የለውም" የተባለ ጥናት መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ምን እንደሚፈጠር በ2008 በግልጽ ታይቷል። ኤሪክ ተርነር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ የድብርት መድኃኒቶችን በሚመለከት ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የቀረቡ 74 ጥናቶችን ከታተሙት ጽሑፎች ጋር አስተያዩ። መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ውጤት አላቸው ካላቸው 38 ጥናቶች 37ቱ ታትመዋል። ጥሩ ውጤት የላቸውም ወይም አጠያያቂ ናቸው ከተባሉት 36 መካከል ግን 22ቱ ጭራሽ አልታተሙም፤ 11ዱ ደግሞ የተሳካ ውጤት ያላቸው አስመስለው ታትመዋል፤ እንደነበሩ የታተሙት ሦስት ብቻ ናቸው። መድኃኒቶቹ ምንም አይጠቅሙም ማለት አይደለም። ጽሑፎቹን ብቻ አንብቦ የሚያዝዝ ሐኪም ግን ከመቶ 94ቱ ጥናት የተሳካ ይመስለዋል፤ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ያለው ከመቶ 51 ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይነሣል። የታላላቅ ሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ከ2005 አጋማሽ ጀምሮ፣ የመጀመሪያው ታማሚ ከመግባቱ በፊት በይፋ ያልተመዘገበ የመድኃኒት ሙከራ እንደማያትሙ አስታወቁ። በምዝገባው ላይ አጥኚው ዋናው መለኪያው ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚያሳትፍና መቼ እንደሚለካ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ መለኪያውን ቢቀይር ማንም ሰው መዝገቡን ከፍቶ ያየዋል። ለአፍሪካ፣ መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ የሆነው የመላው አፍሪካ የሕክምና ሙከራዎች መዝገብ አለ። ለውጡ በ2015 በወጣ አንድ ጽሑፍ ተለክቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም ከደገፋቸው ትላልቅ ሙከራዎች መካከል፣ ከ2000 በፊት ከታተሙት 30ዎቹ 17ቱ ጥሩ ውጤት ሲያሳዩ፣ ከዚያ ወዲህ ከታተሙት 25 ያሳዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰበቡ ምዝገባው ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ሆኖም አጥኚው በኋላ ላይ መለኪያ የመምረጥ ነፃነቱን ሲያጣ "ስኬት" እንደሚመናመን መገመት አይከብድም።

እንግዲህ እርስዎ መላምትዎ እንዳልተደገፈ በግልጽ ይጻፉ፤ ነገር ግን "ዝምድና የለም" ብለው አይዝጉት። ከፒ ቫልዩው ይልቅ የግምቱን ወሰን (ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን) ያሳዩ፤ ወሰኑ ጠባብ ከሆነ "ዝምድና ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው" ለማለት ያስችላል፣ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ናሙናው አነስተኛ እንደነበር ይናገራል፤ ሁለቱም ለቀጣዩ አጥኚ የሚጠቅም ዕውቀት ነው። ሌሎቹን ቫርያብሎች መፈተሽ ቢፈልጉ የሚከለክልዎት የለም፤ ስንት እንደፈተሹና ከዕቅድ ውጪ እንደሆኑ ግን ይጻፉ። ለአምስት ቀኑ ኢሜይል መልስ አይስጡ፤ ጽሑፍን በሙያው ሰዎች ማስመርመር በአምስት ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ገንዘብዎን ከመውሰዳቸውም በላይ፣ ጽሑፉ አንዴ እዚያ ከወጣ በኋላ ትክክለኛ ጆርናል አይቀበለውም። ዕድገትን በታተመ ጽሑፍ ብዛት የሚለኩ ተቋማት መለኪያቸውን እስካልቀየሩ ድረስ ግን ተማሪውን ብቻ መምከር ግማሽ መድኃኒት መሆኑን እናውቃለን።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም "ታዋቂ የሕክምና ጆርናል አረጋገጠ" የሚል ዜና ሲላክልኝ ለወላጆቼ አስተላልፋለሁ። አንድ ጥናት ትልቅ ጆርናል ላይ መውጣቱ ለማመን አይበቃም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይበቃም። ጆርናሎች ጽሑፉን ለሙያው ሰዎች ልከው ያስመረምራሉ፤ መርማሪዎቹ ግን በአብዛኛው የሚያዩት የተጻፈውን እንጂ የሕሙማኑን ጥሬ መረጃ አይደለም። ግንቦት 22 ቀን 2020 ላንሴት የተባለው አንጋፋ ጆርናል፣ ሰርጂስፊር የተሰኘ ኩባንያ ከስድስት አህጉራት 671 ሆስፒታሎች አሰባስቤዋለሁ ባለው የ96,000 የኮቪድ ሕሙማን መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት አወጣ። ጥናቱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት የሟቾችን ቁጥር ይጨምራል የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀናት ውስጥ ይህንኑ መድኃኒት የሚፈትነውን የራሱን ሙከራ ለጊዜው አቆመ።

ወዲያው ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች በግልጽ ደብዳቤ ጥርጣሬያቸውን ገለጹ። ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ አህጉራችንን ይመለከታል፤ በጽሑፉ መሠረት በአፍሪካ በጊዜው ከተመዘገቡት የኮቪድ ሕሙማን ሩብ ያህሉ፣ ከሟቾቹም 40 ከመቶ ያህሉ፣ ዝርዝር የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ባላቸው የዚህ ኩባንያ ሆስፒታሎች ታክመዋል ማለት ነበር። የሆስፒታሎቻችንን ካርድ ክፍል ደጅ የጠና ሰው ይህን ለመጠርጠር ስታትስቲክስ መማር አያስፈልገውም። ኩባንያው ጥሬ መረጃውን ለገለልተኛ መርማሪዎች ሳይሰጥ በመቅረቱ ጽሑፉ ሰኔ 4 ቀን ተሻረ። በዚያው ዓመት የብሪታንያው ሪከቨሪ ሙከራ በዕጣ የተደለደሉ ሕሙማንን አነጻጽሮ፣ ከሃይድሮክሲክሎሮኪን ወገን ከመቶ 27፣ ከተለመደው ሕክምና ወገን ከመቶ 25 እንደሞቱ፣ ማለትም መድኃኒቱ እንዳልጠቀመ አሳወቀ። ይኸው ሙከራ ዴክሳሜታሶን የተባለው ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ ሕሙማን የሚሞቱትን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ያሳየው ነው።

የሰርጂስፊር ጽሑፍ በሁለት ሳምንት ተሻረ። በ1998 እዚያው ጆርናል ላይ የወጣውና በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ ግን የተሻረው በ2010 ነው፤ ወሬው ዛሬም በወላጆች ዘንድ ይዞራል። ዜናውን ከማስተላለፍዎ በፊት የጥናቱን ርእስ ፐብሜድ በተባለው የነጻ ማውጫ ላይ ይፈልጉት፤ ጽሑፉ ተሽሮ ከሆነ እዚያው ምልክት ይደረግበታል። ርእሱም ሆነ የአጥኚዎቹ ስም በዜናው ላይ ከሌለ ለወላጆችዎ አይላኩት።

ጥያቄ፦ የጤና መኮንን ነኝ። የምንከተላቸው መመሪያዎች ብዙዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ በተሠሩ ጥናቶች ላይ የቆሙ ናቸው። ለእኛ ታካሚዎች እኩል ይሠራሉ? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ብዙዎቹ ይሠራሉ፤ የሚያሰጋው ግን ሳይፈተሹ የተወሰዱት ናቸው። በከፍተኛ ትኩሳት ታሞ የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት በሀብታም አገሮች ለዓመታት የተለመደ ሕክምና ነበር። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተካሄደውና በ2011 የታተመው ፊስት የተባለ ሙከራ ይህን በ3,141 ሕፃናት ላይ ፈተሸ። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት፣ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል ከመቶ 10.5 ያህል ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው መካከል ከመቶ 7.3 ነበሩ። ሙከራው ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ከሕፃናቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወባ፣ ሲሶ ያህሉ ደግሞ ከባድ የደም ማነስ ነበረባቸው፤ ሆስፒታሎቹም ፈሳሹ ያስከተለውን ችግር የሚከታተል የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልነበራቸውም።

በሥራ ላይ ሳሉ ይህን ሲያነሡ ግን አንድ ነገር እንዳይዘነጉ። ሙከራው ተቅማጥ ያለባቸውንና በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱትን ሕፃናት አላካተተም። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ሲመጣልዎ፣ በእጅዎ ያለው የተቅማጥ ሕክምና መመሪያ እንዳለ ይሠራል፤ ፈሳሹን ይስጡት።